ቨርቹዋል ማሽንና የሰው ፍላሽ፦ ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን አራት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሃል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከዓለም ከተማ የደረሱን አራት ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያጠነጥኑ ስለሆኑ የዚህን እትም ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተናል። የደብረ ብርሃኑ ጠያቂ ያነሱት ችግር ብዙ የጽሕፈት ሥራ ባለቤቶችን የሚመለከት በመሆኑ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል፤ የቀሩት ሦስቱ መልሶች በእርሱ ላይ ተደግፈው የሚነበቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሚያስገቡበት ወቅት በቀን ከ30 የማያንስ ፍላሽ ኮምፒውተሬ ላይ ይሰካል። ባለፈው ዓመት ከአንድ ደንበኛ ፍላሽ የገባ ቫይረስ ፎልደሮችን ሁሉ ወደ ሾርትከት ቀይሮብኝ፣ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼ ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደርጌያለሁ። ከዚያ በላይ ያሳዘነኝ ቫይረሱ ከእኔ ዘንድ ወደ ሌሎች ደንበኞች ፍላሽ መተላለፉ ነው። አንድ ወዳጄ «ቨርቹዋል ማሽን ጫንና የሰውን ፍላሽ እዚያ ውስጥ ብቻ ክፈት» ብሎኛል። ይህ እውነት ነው? እንዴትስ ይሠራል? ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ሲሆን ራሙ 8 ጊጋባይት ነው።

መልስ፦ ወዳጅዎ የሰጡዎት ምክር ትክክል ነው፤ ሆኖም ግማሹ ይቀረዋል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ዋናው ነው። ቨርቹዋል ማሽን መጫን ብቻውን ኮምፒውተርዎን አይጠብቅልዎትም። ጥበቃው የሚገኘው በቨርቹዋል ማሽኑና በዋናው ኮምፒውተር መካከል ያሉት መተላለፊያዎች አንድ በአንድ ታውቀው ሲዘጉ ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በእውነተኛው ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር አማካይነት የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር ነው። ከእርስዎ 8 ጊጋባይት ራም የተወሰነውን ይወስዳል፤ ዲስኩ ደግሞ በእርስዎ ሃርድ ዲስክ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። በውስጡ የተጫነው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ግን ራሱን በቻለ ማሽን ላይ ያለ መስሎት ይሠራል። የገባበት ቫይረስም እንዲሁ ነው፤ የሚታየው ዲስክ ያ ፋይል ብቻ ስለሆነ፣ ቢያጠፋም የሚያጠፋው እዚያው ያለውን ነው። የመንዝ ባላገር ለማያውቀው መንገደኛ ማደሪያ አይነፍግም፤ ጎተራው ውስጥ ግን አያሳድረውም። ቨርቹዋል ማሽንም ለሰው ፍላሽ የተለየ የእንግዳ ማደሪያ ነው ብለው ይያዙት፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ዋናውን ኮምፒውተር «ባለቤት»፣ ቨርቹዋል ማሽኑን «እንግዳ» እያልን እንቀጥላለን።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አይቢኤም በ1960ዎቹ አንዱን ግዙፍ ኮምፒውተር ለብዙ ተጠቃሚዎች ለማካፈል የጀመረውን ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም/370 በተባለው ሥርዓት ለገበያ አቅርቦታል። ለተራው ኮምፒውተር ደግሞ ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥሩት ሶፍትዌሮች፣ ቪኤምዌር በ1999፣ ቨርቹዋልቦክስ በ2007 ደረሱለት። ዛሬ በኦራክል ኩባንያ ሥር የሚገኘው ቨርቹዋልቦክስ ያለ ክፍያ ስለሚገኝና በዊንዶውስ ላይ በቀላሉ ስለሚጫን ለእርስዎ የምንመክረው እርሱን ነው። ኢንቴል ከ2005፣ ኤኤምዲ ከ2006 ጀምሮ ፕሮሰሰሮቻቸው ላይ ለዚህ ሥራ የሚያገለግል ልዩ ድጋፍ ጨምረዋል። የእርስዎ ማሽን ላይ ድጋፉ መከፈቱን ለማወቅ ታስክ ማኔጀርን ከፍተው «ፐርፎርማንስ» በሚለው ሥር ሲፒዩን ይጫኑ፤ «ቨርቹዋላይዜሽን» ከሚለው ቃል አጠገብ መከፈቱ ወይም መዘጋቱ ተጽፏል። ተዘግቶ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚገኘው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር) ገብተው ይከፍቱታል።

አሁን ወደ መተላለፊያዎቹ እንምጣ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት የጋራ ፎልደር ነው። ቨርቹዋልቦክስ በባለቤቱ ላይ ያለ አንድ ፎልደር ለእንግዳውም እንዲታይ ማድረግ ይችላል፤ ፋይል ለማመላለስ እጅግ ስለሚመች ብዙዎች በመጀመሪያው ቀን ይከፍቱትና ይረሱታል። በእንግዳው ውስጥ የተነሳ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ግን ያንን ፎልደር እንደ ራሱ ዲስክ ስለሚያየው፣ በውስጡ ያለውን የእርስዎን ሰነድ ሁሉ ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅበታል። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ሶፎስ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ይፋ እንዳደረገው፣ ራግናር ሎከር የተባለውን ቫይረስ የሚያሰራጩ ወንበዴዎች በወረሩት ኮምፒውተር ላይ ራሳቸው ቨርቹዋልቦክስን ጭነው፣ 282 ሜጋባይት በሚሆን የዊንዶውስ ኤክስፒ ቨርቹዋል ዲስክ ውስጥ 49 ኪሎባይት የሆነውን ቫይረሳቸውን ደብቀው፣ የባለቤቱን ዲስኮች በጋራ ፎልደር በኩል ቆልፈዋቸዋል። በባለቤቱ ላይ ያለው ፀረ ቫይረስ ያየው ቨርቹዋልቦክስ የተባለ ሕጋዊ ፕሮግራም ፋይል ሲጽፍ ነው። ስለዚህ የጋራ ፎልደር አይክፈቱ፤ የግድ ካስፈለገ ለማንበብ ብቻ የሚለውን ምርጫ ይያዙ። በሁለቱ ማሽኖች መካከል ኮፒ ማድረግንና ፋይል ጎትቶ መጣልን የሚፈቅዱትን ሁለት ምርጫዎችም ዝጉ በሚለው ላይ ያድርጓቸው።

ሁለተኛው መተላለፊያ ኔትወርክ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ሲጫን እንግዳውን «ናት» በሚባለው መንገድ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኘዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ግድግዳ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን የሚከለክለው ከውጭ ወደ እንግዳው የሚመጣውን እንጂ ከእንግዳው የሚወጣውን አይደለም። በእንግዳው ውስጥ ያለ ቫይረስ በሱቅዎ ውስጥ ያለውን ሁለተኛ ኮምፒውተር በዚያው መስመር ሊደርስበት ይችላል። የደንበኛን ሰነድ ከፍቶ ለማተም ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ስለዚህ በእንግዳው ቅንብር ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ጨርሰው ያጥፉት።

ሦስተኛው ፍላሹ ራሱ ነው፤ የእርስዎን ሥራ በቀጥታ የሚነካውም ይህ ነው። ፍላሽ ሲሰካ በመጀመሪያ የሚያገኘው ባለቤቱ ኮምፒውተር ነው። ባለቤቱ ከፍቶ ካየው በኋላ ወደ እንግዳው ቢያሳልፉት ጥንቃቄው ዘግይቷል። ዊንዶውስ 7 እና ከእርሱ በኋላ የመጡት ፍላሽ ላይ ያለን ፕሮግራም በራሳቸው አያስነሱም፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የተባለው ቫይረስ፣ የሾርትከቱ ምልክት በስክሪን ላይ መታየቱ ብቻ እንዲነሳ ይበቃው እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ለዚያ ቀዳዳ በዚያው ዓመት ማስተካከያ ወጥቶለታል፤ ቢሆንም ሰው ሳይነካው የሚነሳ ነገር ከፍላሽ ሊመጣ እንደሚችል ያሳየ ነው። መፍትሔው በቨርቹዋልቦክስ የዩኤስቢ ቅንብር ውስጥ «ፊልተር» የሚባለውን መጨመር ነው። የማንንም አምራች ስም ሳይጽፉ ባዶ ፊልተር ከጨመሩ፣ እንግዳው ተነስቶ እያለ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ በቀጥታ ወደ እርሱ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ፊልተሩ የሚሠራው እንግዳው ተነስቶ ሳለ ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ እንግዳውን ሳያስነሱ የማንንም ፍላሽ አይሰኩ። ሁለተኛ፣ ባዶ ፊልተር ያገኘውን ስለሚወስድ በዩኤስቢ የተሰካ ማውስዎንና ኪቦርድዎንም ሊወስድብዎ ይችላል፤ የላፕቶፑን የራሱን ኪቦርድና የጣት መዳሰሻ (ታችፓድ) ቢጠቀሙ ይህ አይገጥምዎትም።

ማተሙስ? ሰነዱን ወደ ባለቤቱ አውጥቶ ማተም የለፉበትን ሁሉ ያፈርሰዋል። ፕሪንተርዎ በዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነ ለእንግዳው ይስጡት፤ ድራይቨሩን እዚያው ይጫኑና ማተሚያው የእንግዳው ይሁን። የራስዎን ሥራ ከባለቤቱ ላይ ለማተም ሲፈልጉ ከመስኮቱ በላይ ካለው ዝርዝር ይመልሱታል።

በእንግዳው ላይ ምን ይጫን የሚለው ጥያቄ ለአማርኛ ጽሕፈት ሥራ ከባድ ነው። ሊኑክስ፣ ለምሳሌ ሊኑክስ ሚንት፣ ነጻ ነው፤ ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስም በላዩ አይነሳም። ፍላሽን መርምሮ ለመክፈት ከእርሱ የሚሻል አላገኘሁም። በቅርቡ ሾርትከት ብቻ የሚያሳይ የአንዲት ተማሪ ፍላሽ በሚንት ከፍቼ ነበር፤ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎባይት የማይሞሉ አራት ሾርትከቶች ከላይ ተሰልፈው፣ ከእነርሱ በታች ስም የሌለው አንድ ፎልደር ተቀምጧል። ስሙ ባዶ የመሰለው በማይታይ የክፍተት ፊደል ስለተጻፈ ነው። ሊኑክስ ዊንዶውስ «ተደብቋል» ብሎ ያተመበትን ምልክት ስለማይከተል ፎልደሩን እንደ ማንኛውም ፎልደር አሳየው፤ ስከፍተው ልጅቷ ጠፋብኝ ብላ ያለቀሰችበት የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ውስጡ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፍላሽ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ «ፎርማት አድርገው» ከማለትዎ በፊት በሊኑክስ ይክፈቱለት።

ይሁን እንጂ በወርድ የተጻፈ ረጅም የመመረቂያ ጽሑፍ በሊኑክሱ ሊብሬኦፊስ ሲከፈት የገጹ አቀማመጥ ሊዛባ ይችላል። ሰነዱ በኒያላ ፊደል ተጽፎ ከሆነና እንግዳው ላይ ኒያላ ከሌለ ፊደሉ በሌላ ይተካል፤ የመስመሩና የገጹ ቁጥርም አብሮ ይለወጣል። ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ከዩኒኮድ፣ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደላት የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ፊደሉ ካልተጫነ ጨርሶ ወደማይነበብ የላቲን ፊደል ይለወጣሉ። ማዕረግ የሚሰጥበትን ጽሑፍ አዛብቶ ማተም ደንበኛን ማስቀየም ስለሆነ፣ ለእርስዎ ሱቅ ወርድና የአማርኛ ፊደላት የተጫኑበት ዊንዶውስ እንግዳ ይሻላል እላለሁ፤ ለዚህ እንግዳ 4 ጊጋባይት ራም ይስጡት። ሕጋዊ ለመሆን እንግዳው ዊንዶውስ ከባለቤቱ የተለየ የራሱ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ግን ይወቁ።

እንግዳውን ጭነው፣ ፕሪንተሩን አስተካክለው፣ ማንም ፍላሽ ሳይገባበት «ስናፕሾት» ያንሱ፤ ይህ የማሽኑን የዚያን ሰዓት ሁኔታ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ነው። በየቀኑ ማታ፣ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ደግሞ እኩለ ቀንም ላይ፣ ወደዚያ ስናፕሾት ይመለሱ። ቀኑን ሙሉ የገባው ሁሉ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ይህን ማድረግ ደንበኞችዎን ይጠብቃል፤ ምክንያቱም እንግዳው በጠዋት ፍላሽ ከተያዘ እስከሚመልሱት ድረስ ለቀጣዩ ደንበኛ ማስተላለፉ አይቀርም። ያሳዘነዎት ነገር ይህ እንደነበር ስለጻፉልን፣ በእንግዳው ላይ ፀረ ቫይረስ ተጭኖ ስናፕሾቱም በየጊዜው ታድሶ እንደገና እንዲነሳ አደራ እንላለን።

አንድ ነገር እንጨምር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቋርጧል። እንግዳው ምንም ያህል ቢጠበቅ ባለቤቱ ያረጀ ከሆነ ቤቱ መሠረት የለውምና፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል መሆኑን ያስመርምሩ። «ዊንዶውስ ሳንድቦክስ» ስለሚባለውም ሰምተው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣ፣ ሲዘጋ ሁሉን የሚደመስስ መልካም መሣሪያ ነው። ነገር ግን «ሆም» በሚባለው የዊንዶውስ እትም ላይ የለም፤ ፍላሽንም በቀጥታ ስለማይቀበል ለእርስዎ ሥራ አይመችም።

ጥያቄ፦ በመሃል ሜዳ የአይሲቲ መምህር ነኝ። በቤተ ሙከራችን ያሉት ኮምፒውተሮች ያረጁና 4 ጊጋባይት ራም ያላቸው ናቸው። ተማሪዎች የሚያመጡት ፍላሽ በየሳምንቱ ያበላሻቸዋል። በሁሉም ላይ ቨርቹዋል ማሽን ብጭን ይሆናል?

መልስ፦ መምህር፣ አይሆንም። ከ4 ጊጋባይት ላይ ለእንግዳው 2 ቢሰጡት ሁለቱም ይንቀራፈፉና የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ማሽን በመጠበቅ ያልቃል። በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ የሚያዋጣው ሌላ መንገድ ነው። ተማሪዎች የሚገቡበት የተጠቃሚ ስም የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው ይሁን፤ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በእርስዎና በአንድ ባልደረባዎ እጅ ብቻ ይቀመጥ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከዊንዶውስ ሥር የሚሰድደውን አብዛኛውን ቫይረስም ያስቀራል። በጀት ከተገኘ እንደ ዲፕ ፍሪዝ ያለ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልስ ሶፍትዌር ከስናፕሾት ጋር የሚቀራረብ ጥቅም ይሰጣል። የተማሪው ሥራ አብሮ እንዳይደመሰስ ግን ከዲስኩ አንዱን ክፍል ከእርሱ ውጭ ያድርጉት።

ኮምፒውተሮቹ በኔትወርክ የተሳሰሩ ከሆነ ዊንዶውሱ መታደሱን ይመርምሩ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመት የነበረው የቆየውን የፋይል መጋሪያ ሥርዓት ተከትሎ ሲሆን፣ ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት በብዛት ያላደሱት ናቸው።

ለእርስዎ በግል ደግሞ፣ ሊኑክስ ሚንትን በአንድ ፍላሽ ላይ ያዘጋጁና በእጅዎ ይኑር። ኮምፒውተሩን ከዚያ ፍላሽ ሲያስነሱት ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ስለሚሠራ፣ ከተማሪ ፍላሽ ላይ የተደበቀ ፋይል ለማውጣት ቨርቹዋል ማሽን አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት የምኖር ወጣት ነኝ፤ የኮምፒውተር ጥገና እየተማርኩ ነው። ቫይረስ ከቨርቹዋል ማሽን ወጥቶ ዋናውን ኮምፒውተር ሊይዝ ይችላል? አንድ ፋይል በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ከፍቼ ምንም ካላደረገስ ንጹሕ ነው ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ጥያቄህ፣ አዎን፣ ይቻላል፤ ግን በተራ ፍላሽ ላይ የምታገኘው ቫይረስ ይህን አያደርግም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ይፋ የሆነው «ቬኖም» የተባለው ቀዳዳ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስህተቱ የተገኘው ኪውኢሙ በተባለው፣ እንደ ቨርቹዋልቦክስ ቨርቹዋል ማሽን በሚፈጥር ሶፍትዌር ውስጥ፣ የጥንቱን ፍሎፒ ዲስክ በሚያስመስለው ክፍል ነበር። ማንም ፍሎፒ በማይጠቀምበት ዘመን፣ ያ ክፍል ሳይወገድ በመቆየቱ ከእንግዳው ወደ ባለቤቱ የሚያስወጣ መንገድ ሆነ። ከዚህ ለሥራህ የምትወስደው ነገር አለ፦ እንግዳው የማያስፈልገውን ፍሎፒ፣ ድምፅ፣ የጋራ ፎልደር ሁሉ ከቅንብሩ አውጣ፤ ቨርቹዋልቦክስንም አዲስ እትም በወጣ ቁጥር አድስ።

ለሁለተኛው፣ በፍጹም አትበል። ብዙ ማልዌር (ቫይረስንና መሰሎቹን ጎጂ ፕሮግራሞች የሚያጠቃልል ስም ነው) ከመነሳቱ በፊት የት እንዳለ ይመረምራል። ቨርቹዋልቦክስ ለእንግዳው የሚሰጠው የኔትወርክ ካርድ አድራሻ ሳይቀየር 08፡00፡27 በሚል ስለሚጀምር፣ ማልዌሩ ይህን አይቶ «ተይዣለሁ» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ ሰው ማውሱን እስኪያንቀሳቅስ ወይም ቀናት እስኪያልፉ ይጠብቃል። በእንግዳው ውስጥ ክፉ ሥራ ሲሠራ ያየኸው ፋይል በእርግጥ ክፉ ነው፤ ዝም ያለውን ግን «በእንግዳው ውስጥ ዝም አለ» ብለህ ብቻ መዝግበው፣ ወደ ደንበኛህ ኮምፒውተርም አታሳልፈው።

ጥያቄ፦ በዓለም ከተማ ነጋዴ ነኝ። የባንክ ሒሳቤን በኢንተርኔት የማየው በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሆኜ ነው፤ እንዲህ ይሻላል ብለውኝ ነበር። ሰሞኑን መብራት በድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ አልነሳ አለኝ፤ ስናፕሾቱም አልሠራ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እሜቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ባንኩ። የተነገረዎት ተገላቢጦሽ ነው። ጥበቃው የሚሠራው ከእንግዳው ወደ ባለቤቱ ነው። ዋናው ኮምፒውተር ላይ የሚጽፉትን ፊደል የሚሰርቅ ቫይረስ ካለ፣ የይለፍ ቃልዎ ወደ እንግዳው የሚያልፈው በዚያው ኪቦርድ በኩል ስለሆነ ከመድረሱ በፊት ይነበባል። ባንክዎን ንጹሕ አድርገው በሚይዙት ዋና ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱ፤ ያልታወቀ ፋይልና አጠራጣሪ ድረ ገጽ ለእንግዳው ይተውለት።

መብራቱን በተመለከተ፣ ስናፕሾት መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ስናፕሾት ሲያነሱ ዋናው የዲስክ ፋይል ባለበት ይቆይና ከዚያ በኋላ የሚለወጠው ብቻ በሌላ ፋይል ይመዘገባል፤ ስለዚህ ከፋይሎቹ አንዱ መብራት ሲጠፋ ከተበላሸ ሌሎቹም ብቻቸውን አይቆሙም። አሁን ማድረግ የሚችሉት በመጀመሪያ የማሽኑን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው፤ ጥገናው በቅጂው ላይ ይሞከር እንጂ በዋናው ላይ እጅ አይግባበት። ከቅጂው ላይ ማሽኑ ባይነሳ እንኳ፣ የተበላሸው የእንግዳው ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ የዲስኩን ፋይል እንደ ሁለተኛ ዲስክ ከሌላ ቨርቹዋል ማሽን ጋር አያይዞ ሰነዶችን ማውጣት ይቻላል፤ ይህን ባለሙያ ቢሠራልዎት ይሻላል። ለወደፊቱ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ፣ «ኤክስፖርት» በሚለው ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል ያውጡትና ውጫዊ ዲስክ ላይ ያስቀምጡት፤ ዲስኩም ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ፣ ለደንበኛ ሊነሱ ሲሉ እንኳ እንግዳውን ሳይዘጉ አይሂዱ።